ባኽን ለጎንደር ጆሮ

ሐሳቡን ለዋና አዘጋጃችን ሳቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄው «ሰው ማን ሞተ ብሎ ቢደውልስ?» የሚል ነበር። ሲቀልድ አይደለም። እኛ አገር ሬዲዮ ድንገት ቫዮሊን በዝግታ ማሰማት ከጀመረ ሰው ክፉ ነው የሚጠብቀው። ወይ መርዶ ይከተላል፣ ወይ መግለጫ ይነበባል።

እኔ ደግሞ ያሰብኩት በገና ዋዜማ አንድ ሰዓት ሙሉ የፈረንጆቹን የልደት ዝማሬ፣ ከነኳየሩ ከነኦርኬስትራው፣ ጎንደር ላይ አየር ላይ ማዋል ነው። ተሳክቷል። እንዴት እንደተሳካ ልንገራችሁ። ሬዲዮ ላይ ለምትሠሩ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፤ ለሌሎቻችሁም ቢያንስ የሚሰማ ነገር እጠቁማችኋለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ነው ያሰብኩት። በዋዜማው ሌሊት ጎንደር ማኅሌት ላይ ናት። ከማኅሌት ጋር ሬዲዮ አይፎካከርም፤ ቢፎካከርም ያፍራል። የበዓሉ ጠዋት ደግሞ ጾም ተፈትቶ ቤቱ በሰው፣ ቴሌቪዥኑ በዘፈን ይሞላል። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለውን መረጥኩ። ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ዶሮ የሚበለትበት ሰዓት ነው። እጅ ሥራ ይዟል፣ ጆሮ ግን ነፃ ነው። የጥበቃ ሠራተኛውም፣ ተረኛዋ ነርስም፣ ከቅዳሜ ገበያ ሰው የሚያመላልሰው ባለ ባጃጅም ያኔ ሬዲዮ ይከፍታሉ። አንድ ባልደረባዬ «የእነሱ ሙዚቃ ከሆነ በእነሱ ገና፣ ታኅሣሥ 16 ይሁን እንጂ» ብሎ ነበር። አልተዋጠልኝም። ያን ቀን እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ማን ተዘጋጅቶ ይሰማዋል?

ከዚያ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ጎንደር በአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት ዜማና ሽብሸባ ትምህርት፣ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ የበዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ማስመስከሪያ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የውጭ ዝማሬን በዋዜማ ከማሰማቴ በፊት የአዋቂ ሰው ሐሳብ ልስማ ብዬ ነው።

«የኔታ፣ የፈረንጆቹን የልደት ዝማሬ ባሰማ ሰው ይቀየመኝ ይሆን?»

«እስኪ አሰሚኝ» አሉ።

በስልኬ የከፈትኩላቸው የጆቫኒ ጋብሪየሊን ሥራ ነበር። ጋብሪየሊ ቬኒስ ውስጥ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ዝማሬው እ.ኤ.አ. በ1587 የታተመ ነው። ስምንት ድምፅ አለው፤ ሁለት ኳየሮች ናቸው የሚቀባበሉት። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ቀኝና ግራ ነው» አሉ። «አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይቀበላል። ይሄ ምኑ ያስቀይማል? ግን ልጄ፣ ከእኛው ጋር አታደባልቂው። የእኛንም ቆርጠሽ መሐል ላይ እንዳትሰኪው።»

ፕሮግራሙን መልክ ያስያዘው ይህ ንግግር ነው። እስከዚያ ድረስ ስክሪፕቴ ውስጥ ስለ ፖሊፎኒ (ብዙ ዜማ በአንድ ጊዜ ስለሚዘመርበት ስልት) እና ባሮክ ስለሚባለው የድሮ የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን ረጅም ማብራሪያ ነበረኝ። ሁሉንም ሰረዝኩት። ማኅሌት ላይ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ያለው ሕዝብ፣ ላሊበላ ላይ ካህናቱ ከላይ አለቱ ላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲቀባበሉ የሰማ ሕዝብ፣ ሁለት ኳየር ምን እንደሆነ ንግግር አያስፈልገውም። አየር ላይ ያልኩት «አሁን አንዱ ወገን ይጀምራል፤ ሌላው ሲቀበል ትለዩታላችሁ» ብቻ ነው። በባጃጅና በስልክ ሬዲዮ ሁሉም ድምፅ ከአንድ ስፒከር ስለሚወጣ ይህች ጥቆማ አስፈላጊ ነበረች። የኔታማ በዚያችው በስልኬ ስፒከር ያለ ጠቋሚ ለይተውታል!

መክፈቻው የዋና አዘጋጃችንን ስጋት የሚያጠፋ መሆን ነበረበት። ጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ ባኽን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ባኽ ለልደት ያዘጋጀው ኦራቶሪዮ፣ በኳየርና በኦርኬስትራ የሚቀርብ ረጅም መንፈሳዊ ሥራ፣ ስድስት ክፍል አለው። ላይፕሲሽ ውስጥ ከዲሴምበር 25 ቀን 1734 እስከ ጃንዋሪ 6 ቀን 1735 በየበዓሉ ቀን አንድ አንድ ክፍል እየሆነ ቀርቧል። የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በቲምፓኒ፣ በትልልቅ ከበሮ ነው። ከበሮው ብቻውን ይመታል፣ ዋሽንቶቹ ይከተላሉ፣ መለከቱ ይመጣል፣ ከዚያ ኳየሩ ይፈነዳል። ይህን ሰምቶ ማን ሞተ የሚል ሰው የለም። ሙዚቃው መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1733 ለአንዲት ንግሥት ልደት ነበር፤ የቀድሞው ግጥም ራሱ ከበሮዎቹን ተመቱ የሚል ነው። ባኽ በኋላ ግጥሙን ቀይሮ ለክርስቶስ ልደት አዋለው። ይህንን ታሪክ አየር ላይ ስናገር ቴክኒሽያናችን ከመስታወቱ ማዶ ሳቀ፤ «ዜማ እንዲህ በከንቱ አይጣልም» አለኝ።

ቀጥሎ ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ሀንደል መጣ። «መሲሕ» የተባለውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1741 በ24 ቀን ገደማ ጽፎ ጨረሰው። መጀመሪያ የቀረበው በኤፕሪል 1742 ደብሊን ላይ ነው። ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተውጣጣ ስለሆነ ጥሩ መንገድ ሰጠኝ። ከሙዚቃው በፊት ኢሳይያስ ምዕራፍ 9 ቁጥር 6ን በአማርኛ አነበብኩ፦ «ሕፃን ተወልዶልናልና፣ ወንድ ልጅም ተሰጥቶናልና»። ከዚያ «ኳየሩ ቀላል አድርጎ፣ እየተጫወተ ይሄዳል፤ ሁሉም ባንድነት የሚጮሁበት ቦታ ስትደርሱ ድንቅ መካር፣ ኃያል አምላክ እያሉ ነው» አልኩ። እንግሊዝኛ የማታውቅ እናት ቦታውን አትስተውም። የምታውቀው ቃል ነዋ።

ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም «ሐሌ ሉያውስ?» ብሎ ጠይቆኛል። ሁሉም የሚያውቀው እሱን ነው። ግን የመሲሕ ሁለተኛ ክፍል መዝጊያ ነው፤ ቦታው ከሕማማቱና ከትንሣኤው በኋላ ነው። ሌላው ዓለም ለገና ይዘፍነዋል፤ እኔ ግን ለፋሲካ አስቀመጥኩት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ፤ ድምፁ። ዘፈን ሲቀረጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድምፁ እኩል ተደርጎ ነው። የኳየር ቅጂ እንዲያ አይደለም። ሹክሹክታም ጩኸትም አለው። ቤት ውስጥ በጥሩ ስፒከር ግሩም ነው። በባጃጅ ሞተር ውስጥ ግን ሹክሹክታው ይጠፋል፣ ሰውየው ጣቢያው ተቋረጠ ብሎ ይቀይራል። ጎንደር ደግሞ ተራራና ገደል ናት፤ ኤፍ ኤም ተራራ አይሻገርም፣ አንዳንዱ ሰፈር ድሮውንም በጭርጭርታ ነው የሚሰማን። የስቱዲዮውን ኮምፕረሰር፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፅን የሚያቀራርበውን መሣሪያ፣ አጥብቀን ሞከርነው። ድምፁ እኩል ሆነ፣ ግን ዘማሪዎቹ በረጅሙ ሲተነፍሱና አዳራሹ ሲያስተጋባ እንደ ንፋስ ይጮህ ጀመር። ስለዚህ ቅጂውን በምናቀናብርበት በሞንታዥ ላይ ዝግ የሚለውን ክፍል ብቻ እየፈለግን በእጅ ከፍ አደረግነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ሲያልቅ በፍላሽ ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩና ሹፌሩን እንዲከፍትልኝ ጠየቅኩት። ወደ አዘዞ እየሄድን ሰማነው።

«እህቴ፣ ከበሮው አሪፍ ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አሁን ቆመ እንዴ?»

አልቆመም ነበር። አንድ ልጅ ብቻውን እየዘመረ ነው። በዚያው ምሽት ተመልሰን ያንን ቦታ እንደገና ከፍ አደረግነው። ፕሮግራምህን ማን በምን እንደሚሰማው ካወቅህ ስቱዲዮ ውስጥ ያለውን ውድ ሄድፎን ብዙ አትመነው።

የልጁ ድምፅ እንግሊዝ አገር የሚገኘው የካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ኳየር ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ በገና ዋዜማ ዘጠኝ ምንባብ ያነባሉ፣ በየመሐሉ ይዘምራሉ። መክፈቻው ያለ ምንም መሣሪያ የአንድ ልጅ ድምፅ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1928 በሬዲዮ ማስተላለፍ ጀመረ። ምንባብና ዝማሬ እያፈራረቁ መሄድን ከእነሱ ነው የወሰድኩት፤ ዘጠኙን ግን ለአንድ ሰዓት አልቻልኩም፣ ወደ አራት አወረድኩት።

ማስታወቂያውን በተመለከተ ከገበያ ክፍላችን ጋር ትንሽ ተጨቃጨቅን። ከኢሳይያስ ንባብና ከሀንደል መሐል የቆርቆሮ ማስታወቂያ መግባት የለበትም። በመጨረሻ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ተደረገ። ሌላው የመብት ነገር ነው። ባኽ ከሞተ ዘመናት አልፈዋል፤ የቀዱት ሙዚቀኞች ግን መብት አላቸው፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ በነፃ እንዲሰራጩ የተፈቀዱ ቅጂዎችን ብቻ ፈለግኩ። ምርጫዬን አጠበበው፤ የምወዳቸው ቅጂዎች ቀሩ።

መዝጊያዬ መነኩሲቷ የፒያኖ ተጫዋችና ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበሩ። ኳየር አይደለም፣ ፒያኖ ብቻ ነው። ግን ጎንደር ላይ ይህን ፕሮግራም ሠርቶ እሳቸውን መዝለል ነውር ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እዚሁ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተምረዋል። የቆሎ ተማሪዎች ደጅ ላይ ሲያድሩ አይተው አዘኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የቀዱት የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች የታሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው አርፈዋል።

ከፕሮግራሙ በኋላ ብዙው መልእክት የጠየቀው ስለ እሳቸው ነው። «ያቺ ፒያኖ የማን ናት? ድገሙልን» ይላል። ባኽን ያነሱት ጥቂት ናቸው። አንድ አባት ግን ደውለው «አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ የአማርኛ መዝሙር የለም?» ብለው ተቆጡ። ልክ ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ የየኔታን ቃል ጠብቄ ከውጭዎቹ ጋር ሳላቀላቅል መጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃዎች እሰጣቸዋለሁ። እማሆይ ወደ መክፈቻው ይመጣሉ፣ ባኽም ከእሳቸው ቀጥሎ ይገባል።