የሳን ማርኮስ ምሽግ በካርቶን፦ ሁለተኛው ሙከራ

ባለፈው የዚህን ምሽግ ሞዴል በካርቶን ስጀምር «በሁለት ሳምንት ጨርሼ አሳያችኋለሁ» ብዬ ፎክሬ ነበር። አልጨረስኩም። ጭራሽ የሠራሁትን አፍርሼ ከዜሮ ጀመርኩ።

ጉዱ የወጣው ከማዕዘኖቹ ነው። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ፣ ሴንት ኦገስቲን ከተማ ያለው ይህ የስፔኖች ምሽግ አራት ማዕዘን ነው ሲባል እኔ በየጥጉ ክብ ግንብ ገተርኩበት። ያምር ነበር። ከዚያ ለጨዋታ ያህል ከየግንቡ መስኮት የስፌት ክር ወደ አጥሩ ግርጌ ወጠርኩ። ክሩ ጥይት መሆኑ ነው። ከእያንዳንዱ ክብ ግንብ ፊት ለፊት ምንም ክር የማይነካት ቦታ ቀረች። ጠላት እዚያች ተሸጉጦ ግንቡን ቢቆፍር የሚደርስበት የለም።

መሐንዲሱ ኢግናሲዮ ዳሳ ማዕዘኖቹን እንደ ጦር ጫፍ አሹሎ ወደ ውጭ ያወጣቸው ለዚህ ነው። አንዱ ሹል የሌላውን ግርጌ ይጠብቃል። ካርቶኑን እንደዚያ ቆርጬ ክሩን ስወጥር መደበቂያ ጠፋ። ስንት ቀን ሳነበው ያልገባኝ ነገር በአንድ ጥቅል ክር ገባኝ። (እናቴ ግን ከላይ አየችውና «ኤሊ ነው?» አለች። አልተሳሳተችም።)

ድንጋዩም አስቸግሮኛል። ከተማዋን ቀድሞ የሚጠብቋት የእንጨት ምሽጎች ነበሩ፤ ይበሰብሳሉ፣ ይቃጠላሉ። በ1668 እ.ኤ.አ. የባሕር ወንበዴዎች ከተማዋን ሲዘርፉ ስፔኖቹ ነቁ። ከ1672 እስከ 1695 ምሽጉን በኮኪና ገነቡት። ኮኪና የዛጎል ስብርባሪ ተጣብቆ የሠራው ድንጋይ ነው፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከአናስታሲያ ደሴት ይፈለጣል። ገና ሲወጣ ለስላሳ ነው። እኔ ብሆን ለምሽግ አልመርጠውም ነበር። ግን በ1702 ከካሮላይና የመጡት እንግሊዞች ሲደበድቡት ጠንካራ ድንጋይ እንደሚሰነጠቀው አልተሰነጠቀም። የመድፉን አረር ዋጥ አደረገው። ውስጥ 1,500 ያህል ሰው ታጭቆ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቆየ። ከሃቫና፣ ኩባ የስፔን መርከቦች ለእርዳታ ሲደርሱ እንግሊዞቹ ከተማዋን አቃጥለው ሄዱ።

ይህን ዛጎል በምን ላስመስለው? አሸዋ በኮላ ሞከርኩ፣ ረገፈ። የእንቁላል ቅርፊት አድቅቄ ስለጥፍ ቁርጥ ኮኪና! ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። በማግስቱ ምን ባነብ ጥሩ ነው? ያኔ ግድግዳው በኖራ ተለስኖ ነጭ ነበር፤ በየጥጉ ያሉት የዘብ ማማዎች ደግሞ ቀይ። የዛሬው ግራጫ መልክ ልስኑ ከረገፈ በኋላ የመጣ ነው። አንጀቴ እያረረ ሦስቱን ጎን ነጭ ቀባሁ። አንዱን ጎን ግን አልነካውም፤ የእንቁላሉ ድካም ይታይልኝ።

ቀጥሎ የሃቫናውን ምሽግ፣ ኤል ሞሮን እሞክራለሁ። እሱን ብቻውን መሥራት ግን ዋጋ የለውም። በ1762 እንግሊዞች ምሽጉን የያዙት አጠገቡ ካለው የካባኛ ኮረብታ ላይ መድፍ ጠምደው፣ ከግንቡም ሥር ፈንጂ ቀብረው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮረብታውን ነው የምሠራው። አሮጌ ጋዜጣ ያላችሁ አትጣሉ።