ሦስት ሳምንት በአንድ መስመር ላይ

ትናንት ማታ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንከራተተችኝ አንዲት የላቲን መስመር ተፈታችልኝ። ላቲን ለምትማሩም፣ ልትጀምሩ ለምታስቡም ላካፍላችሁ።

ላቲን ከጀመርኩ 14 ወር ሆነኝ። አጀማመሬ ከማንም የተለየ አይደለም፤ የስም እርባታ፣ የግሥ እርባታ፣ ደብተር ሙሉ ሠንጠረዥ። ስድስት ወር ሲሞላኝ ግን ልቤ አንድ መጽሐፍ ላይ ወደቀ። የቬኒሱ አታሚ አልዱስ ማኑቲየስ እ.ኤ.አ. በ1501 ያሳተመው የሮማዊው ባለቅኔ የቨርጂል ግጥሞች መጽሐፍ ነው። ሙሉ በሙሉ በኢታሊክ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ያንን ዘመም ያለ ፊደል የቀረጸው ፍራንቼስኮ ግሪፎ ይባላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ግጥሞች ብዙውን ጊዜ በትልልቅ መጽሐፍ፣ ዙሪያቸውን በትርጓሜ ታጅበው ነበር የሚታተሙት። አልዱስ ትርጓሜውን አንስቶ ግጥሙን ብቻ በእጅ በሚያዝ መጠን አወጣው። አንድምታ ለለመደ ዓይን ገጹ ባዶ ቤት ይመስላል። እኔ ግን ወደድኩት።

ዋናው መጽሐፍ ብርቅ ስለሆነ የማነበው በስካን ነው። አንድ ስህተት ልናዘዝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያነበብኩት የአልዱስን ሳይሆን በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ አስመስለው ያተሙትን ቅጂ ነበር። አልዱስ ራሱ በ1503 ስለነዚህ ቅጂዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ፊደሎቻቸው እንደ እሱ ፊደሎች እርስ በርስ አይያያዙም ብሏል። ስካን ስታወርዱ መግለጫውን ሳታነቡ አትጀምሩ።

ፊደሉ ራሱ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። ረጅሙ «ኤስ» «ኤፍ»ን ይመስላል፣ «ዩ» እና «ቪ» አይለዩም፣ የስንኙ የመጀመሪያ ፊደል ከቃሉ ተነጥሎ ይቆማል። ዓይን ይለምደዋል።

አሁን ወደ መስመሯ። «ጌኦርጊካ» የተባለው የቨርጂል የእርሻ ግጥም፣ ሁለተኛው መጽሐፍ፣ ቁጥር 120፦ «ኲድ ኔሞራ አይቲዮፑም ሞሊ ካኔንቲያ ላና»። ኢትዮጵያውያን የሚለውን ሳይ ልቤ ዘለለ። ሮማውያን በዚህ ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ይጠሩበት እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም ዘለለ። «ካኔንቲያ»ን «የሚዘምሩ» ብዬ ተረጎምኩት፤ ምክንያቱም የቨርጂል የጀግንነት ግጥም የ«ኤኒድ» የመጀመሪያ ስንኝ ላይ ያለው «ካኖ» «እዘምራለሁ» ማለት ነው። «በለስላሳ ሱፍ የሚዘምሩ የኢትዮጵያውያን ደኖች» ሆነልኝ። እንዴት ያምራል! ለጓደኞቼ ሁሉ አነበብኩላቸው።

ግን ሱፍ እንዴት ይዘምራል? ነገሩ ይቆረቁረኝ ጀመር። ከላይ ቨርጂል የየአገሩን ዛፍ እየዘረዘረ ነው፤ ዞጲው የህንድ፣ ዕጣኑ የሳባ። ከታች ደግሞ ሴሬስ የሚላቸው የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ከቅጠል ላይ ሐር ያበጥራሉ። በዚህ መሀል መዝሙር ምን ይሠራል?

መልሱ በአናባቢው ርዝመት ውስጥ ነበር። በላቲን ሁለት «ካኔሬ» አለ። «ካ» ሲያጥር መዘመር ነው፣ ሲረዝም መንጣት ነው። ጽሑፉ ግን ልዩነቱን አያሳይም። ይህን እኛ መቼም እናውቀዋለን። «ገና» ሲላላ ሌላ፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነን፣ ሲጠብቅ ደግሞ ሌላ። ፊደላችን አይነግረንም፤ ጆሯችን ነው የሚነግረን። እኔ ደግሞ ላቲንን በዓይኔ ብቻ ነበር የተማርኩት።

ስለዚህ ጠረጴዛ እየመታሁ ቆጠርኩ፤ ረጅሙን በመዳፍ፣ አጭሩን በጣት ጫፍ። የግጥሙ ምጣኔ ሄክሳሜትር ይባላል፤ አንዱ ስንኝ ስድስት እግር፣ ማለትም ስድስት ክፍል፣ አለው። እያንዳንዱ እግር ወይ ረጅም-አጭር-አጭር ነው፣ ወይ ረጅም-ረጅም። መጀመሪያ 16 ቀለም (የድምፅ ክፍል) እየመጣ አስቸገረኝ። የ«ኔሞራ» የመጨረሻ አናባቢ በሚቀጥለው ቃል እንደሚዋጥ ረስቼ ነበር። ስውጠው 15 ሆነ። «ሊ» ረጅም ነው፣ «ኔን» ረጅም ነው። በመካከላቸው ያለው «ካ» አጭር ከሆነ ረጅም-አጭር-ረጅም ይመጣል። ያ በዚህ ምጣኔ በፍጹም አይገባም። ስለዚህ «ካ» ረጅም ነው። ደኖቹ አይዘምሩም፤ በለስላሳ ሱፍ ነጥተዋል። ጥጥ ነው! ብድግ አልኩ።

ከዚህ በኋላ አቋሜ ጠንካራ ነው። ርዝመትን ትቶ ቃል የሚያስጠና የስልክ አፕ ጊዜ ማባከን ነው። ቃሉን ከነርዝመቱ፣ ጮክ ብላችሁ ያዙ። በ1501 ኅትመት መጀመር ደግሞ ለማንም አልመክርም፤ የርዝመት ምልክት ካለው መጽሐፍ ጀምሩ። እኔ አላደረግኩትም፣ ብመለስም የማደርገው አይመስለኝም። ያ ዘመም ያለ ገጽ ባይኖር ስድስተኛው ወር ላይ አቆም ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ሮም ላይ የወጣው በ1513 ነው። ከዚህ ቨርጂል 12 ዓመት ብቻ ቆይቶ። ቀጥሎ እሱን በስካን ማየት እፈልጋለሁ።

ዛሬ ከቨርጂል የእረኞች ግጥሞች አሥረኛውን ኤክሎግ ከፈትኩ። መጨረሻው አካባቢ የኢትዮጵያውያንን በጎች በሸርጣን ኮከብ ሥር ስለመጠበቅ ያወራል። መዝገበ ቃላቱን ወደ ጎን አድርጌ መጀመሪያ ጠረጴዛዬን መታሁ።