ሒሳቤን ተርሚናል ውስጥ ስሠራ ዋልኩ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሒሳቤን የሠራሁት ተርሚናል ውስጥ ነው፤ ማለትም ኮምፒውተሩን በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ በሚያዙበት መስኮት። የሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ኤስሲ-አይኤም ይባላል። የሚጫን አዝራር የለው፣ የተደረደረ ሜኑ የለው። ትእዛዙን ጽፌ ኢንተር ስል በዓይን ጥቅሻ ተከፈተ። አሮጌዋ ላፕቶፔ ትልቁን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ስከፍትባት ስትጮህ ነበር የምትውለው። ዛሬ ድምጿንም አልሰማሁ።

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ቁጥር ብጽፍ ሴሉ (የሠንጠረዡ ሳጥን) ውስጥ አይገባም። ለካ ቀድሞ የእኩል ይሆናል ምልክት መንካት ያስፈልጋል! መንቀሳቀሻው ቪም እንደሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ነው፦ ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል የሚሉት ቁልፎች። እሱን እጄ ስለለመደው አልከበደኝም። ያደናገረኝ ረድፎቹ ከ1 ሳይሆን ከ0 መጀመራቸው ነው። አንድ ድምር ላይ የመጀመሪያውን ረድፍ ዘልዬ ኖሮ፣ ስህተቱን ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ፋይሉን ነው። በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፈትኩት። ቁጥሩም ቀመሩም በየመስመሩ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የፋይል ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ጊት ውስጥ ሳስገባው ደግሞ ጠዋት ከነበረው የትኛው ቁጥር እንደተቀየረ መስመር በመስመር አሳየኝ። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ! ሁለት የተለያዩ የሒሳብ ፋይሎችን ጎን ለጎን ከፍቶ በዓይን ማመሳከር ምን ያህል እንደሚያደክም የሠራበት ያውቀዋል።

የዘር ሐረጉም ደስ ይላል። መሠረቱ ኤስሲ የሚባል የቆየ ፕሮግራም ነው። እሱን መጀመሪያ የጻፈው ደግሞ በኋላ ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጄምስ ጎስሊንግ ነው።

ነገ የወር ወጪዬን ጠቅልዬ ወደዚህ አዞራለሁ። ቪም የለመዳችሁ፣ እባካችሁ ሞክሩት።