ሮልአፕ በአገልግሎት ሰጪ በኩል ሳስነሳ፦ የሰጠሁትና በእጄ ያስቀረሁት

ሮልአፕ ግብይቶችን ራሱ አስተናግዶ መረጃቸውን ወደ ዋናው ሰንሰለት፣ እዚህ ላይ ወደ ኢቴሪየም፣ የሚልክ ብሎክቼይን ነው። ለመሥሪያው የመረጥኩት ሶፍትዌር ኦፒ ስታክ ነው፤ ሲኩዌንሰሩን (ግብይቶችን አሰልፎ ብሎክ የሚያወጣውን ፕሮግራም) እና ሰርቨሮቹን የሚያንቀሳቅስልኝ አገልግሎት ሰጪ ነው። በሴፖሊያ (የኢቴሪየም የሙከራ ኔትወርክ) ላይ የሙከራ ሰንሰለት ማስነሳት ቅጽ እንደመሙላት ቀላል ነው። የሰንሰለቱ መለያ ቁጥር በሌላ አለመያዙን ግን አስቀድሜ አጣራለሁ፤ ቁጥሩ ኋላ ቢቀየር በአሮጌው የተፈረመ ግብይት በአዲሱ አይሠራም።

ዋናው ጣጣ ያለው ባቸሩ ላይ ነው፤ ግብይቶችን አጭቆ ወደ ኢቴሪየም የሚልከው እሱ ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. የዴንኩን ማሻሻያ ወዲህ በብሎብ (ለጊዜው ብቻ በሚቀመጥ የመረጃ ጥቅል) መላክ ይቻላል። አንድ ብሎብ 128 ኪሎባይት ነው፤ ሞላም አልሞላም ዋጋው እኩል ነው። ገበያው ገና ላልደመቀ ሰንሰለት ቶሎ ቶሎ መላክ ብክነት ስለሆነ የቻናሉን (ባቸሩ ከመላኩ በፊት ግብይቶችን የሚያጠራቅምበት) ቆይታ 300 የኢቴሪየም ብሎክ አደረግኩት። አንዱ ብሎክ 12 ሴኮንድ ስለሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ይመጣል።

የባቸሩ ሒሳብ ኢተር (የኢቴሪየም መክፈያ ገንዘብ) ካለቀበት አደጋው ወዲያው አይታይም። ሲኩዌንሰሩ ብሎክ ማውጣቱን ይቀጥላል፣ ዋሌቱም «ተሳክቷል» ይላል፤ ኢቴሪየም ላይ ግን የደረሰ ነገር የለም። የሲኩዌንሲንግ መስኮቱ (መረጃው ኢቴሪየም ላይ መድረስ ያለበት ገደብ) 3600 ብሎክ ከሆነ፣ 12 ሰዓት ሲያልፍ ኖዶች (ሰንሰለቱን የሚከታተሉና የሚያረጋግጡ ኮምፒውተሮች) ያልተላኩትን ብሎኮች ጥለው ከኢቴሪየም በኩል የገባ ተቀማጭ ብቻ ባለባቸው ብሎኮች ይተኳቸዋል። ተጠቃሚው አለቀ ያለው ክፍያ ተሰረዘ ማለት ነው! ስለዚህ በመጨረሻው ብሎክና ኢቴሪየም ላይ በሰፈረው መካከል ያለው ልዩነት 2 ሰዓት ሲደርስ ማንቂያ ይደውላል።

ይህን የምለካው በራሴ ኖድ ነው፤ የአገልግሎት ሰጪው ዳሽቦርድ ብቻውን አይበቃም። ኖዱን ከመጀመሪያው ቀን ማስነሳት ይሻላል፤ ብሎቦች ከ18 ቀን ገደማ በኋላ ከተራ የኢቴሪየም ኖዶች ስለሚጠፉ ዘግይቶ የሚጀምር የብሎብ ማኅደር መፈለጉ አይቀርም።

የባቸሩና የፕሮፖዘሩ (የሰንሰለቱን ሁኔታ ማጠቃለያ ወደ ኢቴሪየም የሚልከው) ቁልፎች አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ቢሆኑ አልከፋም። የማሻሻያ ሥልጣኑ ግን ከ5 ፈራሚ 3 በሚጠይቅ ሴፍ ዋሌት በእኛ እጅ ነው፤ የሲስተም ኮንፊግ ኮንትራቱም (የሰንሰለቱ ቅንብሮች የሚቀመጡበት) ባለቤትነት እንዲሁ። ባለቤትነቱ ካለ የባቸሩን አድራሻ ቀይሮ ሥራውን ወደ ሌላ ማዞር ይቻላል። የጄኔሲስ (የሰንሰለቱ መነሻ ሁኔታ) እና የሮልአፕ ውቅር ፋይሎች እንዲሁም የዳታቤዝ ቅጂ በየጊዜው እንዲሰጡ የውሉ ረቂቅ ላይ አስገብቻለሁ። ወደ ዋናው ኔትወርክ ከመግባቴ በፊትም በሙከራው ሰንሰለት ላይ ሲኩዌንሰሩን አስቁሜ በእነዚያው ፋይሎች ሌላ ማሽን ላይ አስነሳዋለሁ፤ የብሎኮቹ ሃሽ (የይዘት አሻራ) ከኖዴ ጋር ካልገጠመ ውሉ አይፈረምም።