ሀዋሳ ከነልጆቹ፣ ከነአያታቸው

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሊያልቅ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሳ። ባለቤቴ ላንጋኖ እንሂድ አለ። ልጆች ሳይፈሩ የሚዋኙበት ሐይቅ እሱ ነው፤ ልክ ነው። ደውለን አንድ ሪዞርት ዋጋ ጠየቅን። ስድስት ነን፤ ሁለታችን፣ ሦስት ልጆችና እናቴ። ሁለት ክፍል ያስፈልገናል፣ ምግብ ለብቻው ይከፈላል። የሁለት ሌሊቱ ሂሳብ ለመላው ጉዞ ከያዝነው ገንዘብ በለጠ።

እኔ ሀዋሳ ያልኩት ለዚህ ነው። ሀዋሳ ከተማ ናት። ሐይቁም፣ ገበያውም፣ ባጃጁም፣ ፍርፍር ቤቱም አንድ ላይ ነው። በአንድ ቦታ አድረህ ሌላ ቦታ መብላት ትችላለህ። ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ ሰው ወጪውን የሚወስነው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ በየሁለት ሰዓቱ ይርበዋል። ማደሪያውና መብያው የአንድ ሰው ከሆነ፣ የተጠየቅከውን ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለህም።

የኮንትራት መኪና ጠይቀን ዋጋውን ስንሰማ ተውነው። ንጋት ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስንና ዶልፊን ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ለትንሹ ልጄም ሙሉ ሂሳብ ጠየቀ። እናቴ፣ "የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ የሚቀመጠው እኔ ጭን ላይ ነው" አለችው። ፊቷን አየና፣ "እሺ እማማ፣ ይቅር" ብሎ አለፈ።

መንገዱን ብዙ አላወራም። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ድረስ አዲሱ ፈጣን መንገድ ስላለ እንደ ድሮው አያንገላታም። መካከለኛዋ ልጄ ሎሚ እያሸተተች ሄደች። ባቱ ላይ ቁርስ በላን። ሻሸመኔ ላይ ትንሽ ተጨናንቀን፣ ለምሳ ሀዋሳ ገባን።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን አበሳጨችኝ፤ እስካሁንም ስናገር ያናድደኛል። በስልክ ተነጋግረን ቀብድ የላክንበት ፔንሲዮን ነበር። ስንደርስ እንግዳ ተቀባዩ፣ "ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 300 ብር ይጨመራል" አለን። በስልክ ስንት ልጅ እንዳለን፣ ዕድሜያቸውን ሳይቀር ነግረነው ነበር። ባለቤቴ ተከራከረ። ቀብዱ አይመለስም ተባለ። ደክሞን ስለነበር ከፈልን። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከጎን ያለው ጭፈራ ቤት ሙዚቃውን ለቀቀው። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አጎበሩ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ሀዋሳ የወባ አገር ነው፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። እናቴ ነጠላዋን ቀዳዳው ላይ ሰፋችው። መርፌና ክር ከቦርሳዋ አይጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ ትንሹን በጋዜጣ እያራገብኩ ነጋ። ከልጅ ጋር የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ የራሳችሁን አጎበር ያዙ። ክብደቱ ምንም አይደለም።

ጠዋት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ተቀመጥን። እኔ ስለ ሌሊቱ ለባለቤቴ አወራለሁ፣ እሷ ስኒ ታጥባለች። "ይቅርታ እህቴ፣ ሰምቼሽ ነው" አለችኝ። "አክስቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ታከራያለች። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። እይውና ካልወደድሽው ትተይዋለሽ።" ጀበናውን ለጓደኛዋ አደራ ሰጥታ አብራን ባጃጅ ገባች። የባጃጁን እንክፈልልሽ ስንል እምቢ አለች።

ግቢው ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ አይርቅም። የአቮካዶ ዛፍ አለ፣ ዶሮዎች አሉ፣ በረንዳው ላይ ሰፊ አግዳሚ አለ። ሁለቱ ክፍሎች በቀን 1,000 ብር፣ አንድ ላይ! ባለቤቲቱ የሲዳማ ሴት ናቸው፤ ልጆቹ ወዲያው እማማ አሏቸው። "ከሰል አለ፣ ድስት አለ፣ ለልጆቹ የፈለግሽውን ሥሪ" አሉኝ። እናቴ ያን ስትሰማ ፊቷ በራ። ከአዲስ አበባ የያዘችውን ሽሮ ፈታች።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ሌላ ጉዞ ሆነ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቼን ብቻቸውን ከበር አላስወጣም። መኪናው፣ የተከፈተው ጉድጓድ፣ የማላውቀው ሰው፣ ሁሉም ያስፈራኛል። እዚህ ግን ትልቁ ልጄ እህቱን ይዞ ሱቅ ሄዶ ዳቦ ገዝቶ መጣ። የሀዋሳ ጎዳናዎች ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ዛፍ አላቸው፣ ብስክሌት ይበዛል። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። በኋላ ግን በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ለእኔ የእረፍቱ ትልቁ ነገር ይሄ ነበር።

አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው፣ የሄድነው በጠዋት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ የሚመለሱት ያኔ ስለሆነ ከረፈደ ብዙ ነገር ያመልጣል። አንዲት ሴት ፊት ቆመን እጇን አየን። ኮረሶ የሚባለውን ዓሣ ጅራቱን ይዛ በቢላዋ ጀርባ ቅርፊቱን ወደ ላይ ትገፋዋለች። ሆዱን በአንድ ስንጥቅ ከፍታ አንጀቱን ወደ ኋላዋ ትወረውራለች፤ ዞራም አታይም። ከኋላዋ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈዋል። ራሰ በራ፣ ከትንሹ ልጄ የሚረዝሙ፣ ካፖርት ለብሰው ወረፋ የያዙ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ከዚያ ዓሣውን በሁለቱም ጎን ሰያፍ ሰያፍ ትበጣዋለች። የሚፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ ብጣቶቹ ይከፈታሉ፣ አጥንቱ ሳይቀር ይኮረሽማል። አንዱ ጥብስ ከአዋዜና ከዳቦ ጋር 200 ብር ነበር። አራት አዝዘን ስድስታችን ጠገብን። የዓሣ ሾርባውንም ቅመሱ፤ በርበሬው ግን ለልጅ አይሆንም። ጥሬውን ዓሣ በአዋዜ የሚበሉ ብዙ ናቸው፤ እኛ አልደፈርነውም።

ጀልባው ላይ ክርክር ነበር። ጉማሬ ለማየት ለጀልባው 1,800 ብር ተጠየቅን። ያቺ ቡና የምታፈላው ልጅ፣ "ብቻችሁን አትውሰዱ፣ ሌላ ቤተሰብ ፈልጉ" ብላን ስለነበር ትንሽ ጠበቅን። ከዲላ የመጡ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አገኘን። ከሌላ ባለጀልባ ጋር በ1,000 ብር ተስማምተን ለሁለት ተካፈልን። ለልጆቹ ሁሉ የነፍስ አድን ጃኬት ካልመጣ አንሄድም አልኩ፤ አመጣ። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ወሰደን፤ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ተጠጋ። መጀመሪያ ጆሮ ብቻ ታየ። ከዚያ አፍንጫው ብቅ ብሎ ፉፍ አለ። መካከለኛዋ ልጄ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ፣ ምልክቱ እስከ ማታ አልጠፋም። ደስታዋ ግን ልክ የለውም።

ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፤ ቢልሃርዝያ አለ ስለሚባል እኛም አላስገባናቸውም። ለዋና ወንዶ ገነት ሄድን። ሻሸመኔ ወርደን ሌላ ሚኒባስ ያዝን። ተራራው በደን የተሸፈነ ነው፣ ከሥሩ የሚፈልቀው ውሃ ትኩስ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። አዲስ አበባ ፍልውሃ ለመሄድ ወረፋውን ስታስበው ትተወዋለች። እዚህ ገንዳው ዳር ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ዘረጋች። ጦጣዎች ከዛፉ ላይ ያዩናል፤ አንዷ የትንሹን ሙዝ ነጥቃ ሄደች። "ሰዓቱ ደርሷል፣ እንሂድ" ስንላት እናቴ፣ "እናንተ ሂዱ፣ እኔን ነገ ትወስዱኛላችሁ" አለች። አንድ ሰዓት ጨመርንላት።

ታቦር ተራራንም ወጥተናል። ሳይሞቅ በጠዋት ከተወጣ ለትንሽ ልጅም አይከብድም፣ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ይታያሉ፣ ምንም አልከፈልንም። ከሰዓት በኋላ ብዙውን ጊዜ ጉዱማሌ ፓርክ ሄደን ልጆቹ ሣር ላይ ይሮጣሉ።

መጨረሻው ማታ እማማ ስለ ፊቼ ጫምባላላ አወሩን። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ነው፤ ዩኔስኮ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መዝግቦታል። ጉዱማሌ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፣ በየቤቱም ከእንሰትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። "የማንም ልጅ ቢሆን ይበላል" አሉ። የኔዎቹ ወዲያው፣ "እኛስ?" ብለው ጠየቁ። "እናንተማ የዚህ ቤት ልጆች ናችሁ" አሏቸው።

ስለዚህ ቀጣዩን ጉዞ ለፊቼ አስበናል። ችግሩ ቀኑ በየዓመቱ በአንድ ቀን አለመዋሉ ነው። የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት፣ ስለዚህ ከወራት በፊት የእረፍት ፈቃድ መሙላት አይቻልም። ያ ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ አልጋም ይወደዳል። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥም እንደዚሁ ነው። እማማ ሁለቱን ክፍሎች ለማንም እንደማይሰጡብን ቃል ገብተውልናል። ቀብድ ልስጥ ብላቸው ገንዘቡን መልሰው እጄ ውስጥ አስገቡት፤ በምትኩ ስትመጡ ከአዲስ አበባ ጥሩ በርበሬ ይዛችሁልኝ ኑ አሉ። እናቴ ዛላውን ገዝታ ማስጣት ጀምራለች።