የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ቀረ ወይ? እርሳስ ይዤ ያገኘሁት መልስ

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። በሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለጡረተኛ በሚከፍለው ገንዘብ፣ ላይ የሚከፈለው የፌዴራል ታክስ አልቀረም።

ባለፈው ሰመር እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። እድር ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡና ላይ "ቀረ እኮ፣ ተገላገልን!" ነው ጨዋታው። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከጡረታ ቁጠባዬ ጠቀም ያለ ገንዘብ ላወጣ እያሰብኩ ነበር። የቤቱን ዕዳ ዘግቼ ማረፍ ፈልጌያለሁ። በወሬ ተማምኖ ገንዘብ ማውጣት ግን አልዋጥ አለኝ። ሕጉ ምን እንደሚል ላይ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጁላይ 4 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት ሕግ ለእኛ ያመጣው ተቀናሽ ነው። 65 ዓመት የሞላው ሰው ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ተጨማሪ 6,000 ዶላር ይቀነስለታል። ባልና ሚስት ሁለቱም ከሞላቸው 12,000 ይሆናል። የሚሠራው ከ2025 እስከ 2028 ብቻ ነው። ገቢ ከ75,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት ከ150,000 ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ባልና ሚስት ለየብቻ ፋይል ካደረጉ አያገኙትም። ጡረታ መውጣት አለመውጣትም አይጠየቅም፤ የሚታየው ዕድሜ ነው። በ62 ዓመቱ ሶሻል ሴኩሪቲ የጀመረ ወዳጄ ዜናውን ሰምቶ ደስ ብሎት ነበር። 65 ስላልሞላው ግን እሱን አይመለከተውም።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላም ነገር አለ። ከሶሻል ሴኩሪቲ በቀር ገቢ የሌለው ጡረተኛ ከዚህ ሕግ ምንም አያገኝም። ድሮውንም አይከፍልም ነበርና ከምኑ ይቀነስለታል? አንዲት የማከብራቸው እናት "ስድስት ሺዬ መቼ ነው የሚመጣው?" ብለው ጠየቁኝ። በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ እንዳልሆነ ማስረዳት ከብዶኝ ነበር። ተቀናሹ የሚጠየቀው ታክስ ሲሞላ፣ ሼጁል ዋን-ኤ በሚባለው አዲስ ቅጽ ላይ ነው። ደውሎ "ለስድስት ሺው ልመዝግብዎት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን ይንገሩኝ" የሚል ሰው ካለ ሌባ ነው፤ ስልኩን ይዝጉ።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ። ጨዋታው ያለው እዚህ ነው።

እስከ 1983 ድረስ ሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ አይነካውም ነበር። በዚያ ዓመት በሬገን ጊዜ የወጣ ሕግ እስከ ግማሹ ድረስ ታክስ እንዲታሰብበት አደረገ። በ1993 በክሊንተን ጊዜ ደግሞ ወደ 85 በመቶ አደገ። ይህ ማለት 85 በመቶው ይወሰዳል ማለት አይደለም። ከሶሻል ሴኩሪቲው እስከ 85 በመቶ የሚደርሰው እንደ ገቢ ይቆጠራል ማለት ነው።

የሚቆጠረው ስንቱ እንደሆነ ለማወቅ የሶሻል ሴኩሪቲውን ግማሽ ይዛችሁ ሌላውን ገቢ ሁሉ ትደምሩበታላችሁ። ድምሩ ለነጠላ ሰው 25,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 32,000 ካላለፈ ምንም አይቆጠርም። ከዚያ በላይ ያለው በግማሽ ይቆጠራል። 34,000፣ ለባልና ሚስት 44,000 ካለፈ በኋላ ደግሞ በ85 በመቶ ይቆጠራል። እነዚህ ወሰኖች ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። የቤት ኪራይና የመኪና ኢንሹራንስ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ እናንተው ታውቃላችሁ። ታክስ የማይመለከተው ይመስለው የነበረ ጡረተኛ ሁሉ በየዓመቱ እየተንሸራተተ የሚገባው በዚህ በር ነው።

የእኛን ቤት ልንገራችሁ፤ ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። እኔ 67 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 66። እኔ ሆቴል፣ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ስንሠራ ኖረን ጡረታ ወጥተናል። የእኔ ሶሻል ሴኩሪቲ በዓመት 21,000፣ የእሷ 15,000፣ በድምሩ 36,000 ዶላር ነው። ከዚያ ውጭ ያለን በ401ኬ፣ ማለትም በሥራ ቦታ በሚጠራቀመውና ሲወጣ እንደ ገቢ በሚቆጠረው የጡረታ ቁጠባ፣ የተጠራቀመው ነው። ለቤቱ ዕዳ የሚያስፈልገኝ 60,000 ነበር።

ሐሳቤ ስድሳውን ሺ በአንዴ ላጥ አድርጎ መገላገል ነበር። ወረቀት ላይ ሳሰላው ግን እንዲህ ወጣ። 60,000 ላይ የሶሻል ሴኩሪቲያችን ግማሽ 18,000 ሲደመር 78,000 ይሆናል። ከ44,000 በጣም ያልፋል። ስለዚህ ከሶሻል ሴኩሪቲያችን ሙሉው 85 በመቶ፣ ማለትም 30,600፣ ታክስ ውስጥ ይገባል። ገቢያችን 90,600 ተባለ ማለት ነው። ከዚያ ለ2025 ለባልና ሚስት የተፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ 31,500፣ ዕድሜያችን 65 በማለፉ ድሮም የነበረው 3,200፣ አዲሱም 12,000፣ በድምሩ 46,700 ይነሳል። ቀሪው 43,900 ነው። ታክሱ ወደ 4,800 ዶላር ይመጣል።

ግማሹን ዲሴምበር፣ ግማሹን ጃንዋሪ ባወጣስ? 30,000 እና 18,000፣ 48,000 ነው። ከሶሻል ሴኩሪቲው የሚቆጠረው 9,400 ብቻ ይሆናል። ገቢያችን 39,400፣ ተቀናሻችን 46,700። ታክስ ዜሮ። የ2026 ተቀናሽ ደግሞ ትንሽ ከፍ ስላለ በዚያም ዓመት ዜሮ ነው። ያው 60,000 ዶላር፣ ያው ዕዳ፣ ልዩነቱ የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት። ባንኩም ጃንዋሪ ላይ ስከፍለው አልተቀየመም።

ስድስት ሺው ባይኖር ኖሮ በዚያው በተከፈለው መንገድ 470 ዶላር ያህል እንከፍል ነበር። ስለዚህ አዲሱ ሕግ ለእኛ ያተረፈው 470 ነው፤ ማውጣቱን ለሁለት መክፈል ያተረፈው ደግሞ ከዚያ አሥር እጥፍ ነው። ስለ መጀመሪያው ሁሉም ያወራል። ስለ ሁለተኛው ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አዲሱ ተቀናሽ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲያችሁ ስንቱ ታክስ ይታሰብበት የሚለውን ድምር አይቀንሰውም። ስለዚህ 44,000ውን ካለፋችሁ በኋላ ከቁጠባ የምታወጡት እያንዳንዱ 100 ዶላር ሌላ 85 ዶላር ከሶሻል ሴኩሪቲው ጎትቶ ያስገባል። 100 አወጣሁ ስትሉ 185 ይቆጠርባችኋል። በእኛ ሁኔታ ያለ ታክስ ማውጣት የምንችለው በዓመት 27,400 ገደማ ነበር፤ አሁን 33,900 ገደማ ሆነ። ተቀናሹ 12,000 ተጨምሮ፣ ማውጣት የምንችለው የጨመረው ግን 6,500 ብቻ ነው። ግማሹን ጉተታው በላው።

ስለ አወጣጡ አንድ ነገር ልጨምር። ከ401ኬ ገንዘብ በቀጥታ በእጅ ሲወጣ 20 በመቶው ለታክስ ይያዛል፤ "አትያዙብኝ" ማለት አይቻልም። ኋላ ሪፈንድ ሆኖ ይመለሳል፤ እስከዚያ ግን ገንዘቡ እጃችሁ ላይ የለም። እኔ መጀመሪያ በእጄ ሳይገባ በቀጥታ ወደ አይራ፣ በራስ ስም ወደሚከፈት የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ፣ አዛወርኩት። ከአይራ ሲወጣ የሚያዘው 10 በመቶ ነው፤ እሱንም ቅጹ ላይ ዜሮ ብሎ መሙላት ይፈቀዳል። ታክስ እንደማይመጣብኝ ስላወቅሁ ዜሮ አልኩ። ታክስ የሚመጣበት ሰው ግን ይህን ባያደርግ ይሻለዋል።

ስሌቱን ሠርቼ ሳበቃ በራሴ ብቻ አልተማመንኩም። ኤኤአርፒ የሚባለው የአሜሪካ አረጋውያን ማኅበር የሚያሰማራቸው በጎ ፈቃደኞች በየቤተ መጻሕፍቱ በነፃ ታክስ ይሞላሉ፤ እነሱ ጋ ወሰድኩት። ቀጠሮው ቶሎ ስለሚያልቅ በጃንዋሪ መደወል ይሻላል። ቨርጂኒያ ሶሻል ሴኩሪቲን አትነካም። 65 ለሞላው ሰውም እስከ 12,000 ድረስ ከገቢው ትቀንሳለች፤ ባለትዳሮች ከሶሻል ሴኩሪቲ ውጭ ያለው ገቢያቸው 75,000 ሲያልፍ ግን ይህም እየቀነሰ ይሄዳል።

ጡረታ ላይ ሆነው ኡበር ለሚነዱ ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ስድስት ሺው የሚቀንሰው የገቢ ታክስን ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው ከመንዳቱ ትርፍ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለውን 15.3 በመቶ አይነካም። አዲስ አበባ ቤት አከራይቶ እዚህ የሚኖርም የኪራዩን ገቢ እዚህ ማስታወቅ አለበት፤ ኪራዩም ሶሻል ሴኩሪቲው ስንቱ ይቆጠር የሚለውን የሚወስነው ድምር ውስጥ ይገባል። እዚያ የከፈለው የገቢ ታክስ እዚህ ሊታሰብለት ይችላል። አገር ቤት ያለው የባንክ ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሪፖርት አለው። ጠቅልዬ አገሬ ገባሁ ማለትም አያድንም፤ የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር ታክስ ይከተለዋል።

ቤት ውስጥ ያጨቃጨቀን ግን ሌላ ስሌት ነው። ከሁለታችን አንዳችን ብንሞትስ? የቀረው ሰው ትልቁን ሶሻል ሴኩሪቲ፣ 21,000ውን፣ ይዞ ይቀራል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ግን የሚሞላው እንደ ነጠላ ነው። ተቀናሹ ከ46,700 ወደ 23,750 ይወርዳል፤ ወሰኖቹም 25,000 እና 34,000 ይሆናሉ። ለሁለታችን ታክስ የሌለበት ያው 30,000 ለብቻ ላለ ሰው 1,700 ዶላር ገደማ ያስከፍለዋል። ገቢው ቀንሶ ታክሱ ይጨምራል። ይህን ሳነብላት ባለቤቴ "ሟርትህን ተው!" ብላ ወረቀቱን ገፋችው።

እኔም ሟርቱን ተውኩ፤ ስሌቱን ግን አልተውኩም። በ73 ዓመቴ መንግሥት ራሱ በየዓመቱ ከጡረታ ቁጠባህ አውጣ ብሎ ያስገድደኛል። ስለዚህ ተቀናሹ እስካለ፣ እስከ 2028 ድረስ፣ ባያስፈልገንም በየዓመቱ ታክስ የማይነካውን ያህል አውጥተን መደበኛ ሴቪንግ ውስጥ እናስቀምጣለን። መጠኑን ኖቬምበር ላይ አሰላለሁ፤ ከዲሴምበር 31 ካለፈ ለዚያ ዓመት አይቆጠርም። ባለቤቴ በማውጣቱ ተስማምታለች። ሴቪንጉ በሁለታችን ስም ይሁን ያለችውም እሷ ናት።