ለተርነር ልጅ የባዶ ሆድ ስኳር ብቻ አይበቃም

የባዶ ሆድ ስኳሯ 88 ወጣ፤ ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል፤ እናት እፎይ ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ተርነር ሲንድረም ላለባት ልጅ ግን ይህ ቁጥር ግማሽ መልስ ነው።

ተርነር የሚባለው ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሲጎድል ነው። ከ2,000 እስከ 2,500 ሴት ልጆች ሲወለዱ አንዷ ላይ ይታያል። ሰው የሚያውቀው በቁመት ማጠርና በወር አበባ መቅረት ነው። የስኳሩ፣ የጉበቱና የግፊቱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ልጅቷ ካደገች በኋላ ነው፤ መነሳት የነበረበት ግን ስኳሩና ጉበቱ ከ10 ዓመቷ፣ ግፊቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ጉብኝት ጀምሮ ነው።

ምግብ ሆድ ሲገባ ቆሽት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ኢንሱሊን ቶሎ ማፍሰስ አለበት። በተርነር ይህ የመጀመሪያው ፍሰት ደካማ ነው። ሌሊቱን ስትጾም ያለው ኢንሱሊን ስለሚበቃት ጠዋት ስኳሯ ደህና ይመስላል፤ ከምሳ በኋላ ግን ይንራል። ለዚህ የግድ መወፈር አያስፈልግም፣ ቀጫጭኖቹም ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ በየዓመቱ ከባዶ ሆዱ ጋር የሦስት ወሩ ስኳር (ኤችቢኤዋንሲ) ይታያል። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ድንበር ነው፣ 6.5 ሲደርስ ስኳር በሽታ ነው። የብረት እጥረት ደም ማነስ ካለባት ስኳሯ ሳይጨምር የዚህ ምርመራ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል፤ ደም ማነሱ አብሮ ይታይ። ቁጥሩ ድንበር ላይ ሲሆን፣ ወገቧ ሲሰፋ ወይም በቤተሰብ ስኳር ሲኖር ግሉኮስ አጠጥቶ መመርመር የተሻለ ነው።

ይህ ምርመራ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከዝግጅቱ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ልጅቷ እንደ ወትሮዋ እንጀራዋን ትብላ፣ በቀን ከ150 ግራም ያላነሰ ካርቦሃይድሬት። «ስኳር ልትመረመር ነው» ተብሎ እንጀራና ዳቦ ከተከለከለች ሰውነቷ ለጊዜው ስኳር የማስተናገድ ልምዱን ይቀንስና ውጤቱ በሐሰት ይጨምራል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አትቀምስም፤ የጠዋት ቡናም አይፈቀድም። መጀመሪያ ደም ይቀዳል። ቀጥሎ በኪሎዋ 1.75 ግራም ግሉኮስ፣ ከ75 ግራም ሳይበልጥ፣ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ትጠጣለች። 30 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 52.5 ግራም ይደርሳታል። ዱቄቱ «ሞኖሃይድሬት» የተባለው ውሃ ያዘለ ዓይነት ከሆነ ለ75ቱ 82.5 ግራም ይመዘናል። የሻይ ስኳር በምንም ዓይነት አይተካውም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉንጭ ነው። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ ትጠብቅ፤ ከወጣች ወረደች ወይም ካስታወከች በሌላ ቀን ይደገማል። በሁለተኛው ሰዓት 140 እስከ 199 ማስጠንቀቂያ ነው፣ 200 እና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ነው። የሕመም ምልክት ከሌላት ግን በሌላ ቀን ሳይረጋገጥ ስሙ አይለጠፍባትም። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ የተቀዳው ደም ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፤ ቁጥሩ በየሰዓቱ ይወርዳል። ናሙናው መቼ እንደሚሠራ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሌላው የሚያታልል ልኬት ወገብ ነው። ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ይባላል። ቁመቷ 145 ለሆነች ሴት ግን 80 ብዙ ነው። ለተርነር የምንመርጠው ወገብን ከቁመት ጋር ማወዳደር ነው፤ ወገብ ከቁመት ግማሽ ማነስ አለበት፣ ለ145 ማለት 72.5። ሜትሩ የሚያርፈው በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው፣ አየር ካስወጣች በኋላ፣ ሆድ ሳይሳብ። ቀሚስ የሚታሰርበት ቦታ አይደለም።

ኢስትሮጅን (በተርነር ሰውነት በበቂ ስለማያመነጨው የሚሰጠው የሴት ሆርሞን) ላይ የሚሠራው ስህተት ያናድዳል። የጉበት ኢንዛይሞች በተርነር ብዙ ጊዜ ከፍ ይላሉ፤ ይህን ያየ ሰው «ሆርሞኑ ጉበቷን ጎዳው» ብሎ ያስቆማል። ኢስትሮጅኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንዛይሞቹን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በ11 ወይም በ12 ዓመቷ በትንሹ ይጀመራል፤ በቆዳ የሚለጠፈው ጉበትን በቀጥታ ስለማይጭን ይመረጣል፣ መነሻው በቀን ከ3 እስከ 7 ማይክሮ ግራም። 25 ማይክሮ ግራም የሆነው አንድ አራተኛው ተቆርጦ ሊለጠፍ ይችላል፤ መድኃኒቱ በሙጫው ውስጥ የተዋሐደበት ዓይነት ከሆነ ነው። ፈሳሽ ከረጢት ያለው ከተቆረጠ ይፈስሳል። ልጥፉ በማይገኝበት በቀን 0.25 ሚሊ ግራም ኢስትራዲዮል (ያው ኢስትሮጅን) በአፍ ይሰጣል። መጠኑ በሁለት ሦስት ዓመት ወደ አዋቂ ከፍ ይላል፤ ፕሮጄስትሮን ደም ሲታይ ወይም ሁለት ዓመት ሲሞላ ይጨመራል፣ ማሕፀን እንዳይወፍር። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በምትኩ መስጠት ቀላል ይመስላል፤ ለልጅ መጀመሪያ ግን አይሆንም።

የእድገት ሆርሞን መርፌ በሚሰጥበት ጊዜ ኢንሱሊን ትንሽ ይቸገራል። የሦስት ወሩን ስኳር ለመከታተል ምክንያት ነው፣ ለማቋረጥ አይደለም።

ግፊት በእያንዳንዱ ጉብኝት ይለካል፣ ምክንያቱም ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቧንቧ በተርነር ሊሰፋና ሊቀደድ ይችላል። የቧንቧው ስፋት 3.4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለሌላ ሴት ያን ያህል አያስደነግጥም። ቁመቷ 145፣ ክብደቷ 45 ኪሎ ለሆነች ግን የሰውነቷ ስፋት 1.35 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ 3.4ቱ ለዚህ ሲካፈል 2.5 ይመጣል፣ ይህም ለአዋቂዋ የከፍተኛ አደጋ ድንበር ነው። እንዲህ ያለ ቧንቧ ያላት ሴት መራመዷን ትቀጥል፣ 20 ሊትር ጀሪካን እስትንፋስ ይዞ ማንሳቱ ግን ይቅርባት።

ሲሊያክም (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ይበዛባቸዋል፤ ከ2 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፣ ጠቅላላ አይጂኤው (ምርመራው የሚመረኮዝበት የደም ፀረ እንግዳ አካል መጠን) አብሮ ሲታይ ብቻ ነው የሚታመነው። ስንዴ ከመመርመር በፊት አይቆምም። ከተገኘባት ጤፍ ለእሷ ነው፣ ግሉተን የለውም። በሶ ግን ገብስ ነው። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል የማሸጊያው ጽሑፍ ይነበብ። እርሾውም ከተቀላቀለ ሊጥ የመጣ ከሆነ አይሆንም። ጤፉ ግሉተን ባይኖረውም ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ አንድ እንጀራ ለአንድ ሰው ሲቀርብ ግማሹ በቂ ነው፣ በክክ ወይም በምስር ወጥ።